ለትንንሽ ልጆች የበዓል ስጦታ በልኩ፦ የትኛው መንገድ ለየትኛው ዕድሜ?

በዓል ሲቃረብ ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ሁለት ስሜት አብሮ ይመጣል። አንዱ ልጁን የማስደሰት ጉጉት ነው። ሌላው ቤቱን በሞላው መጫወቻ ላይ ተጨማሪ ሊመጣ ነው የሚል ስጋት ነው። ያለፈው ዓመት መኪና ጎማው ወልቆ ሶፋ ሥር ተኝቷል፤ የፐዝሉ ግማሽ ጠፍቷል፤ ልጁ ደግሞ ከሁሉም አስበልጦ የሚወደው የድስት ክዳን ነው። ስለዚህ ብዙ ወላጆች «ዘንድሮ በልኩ እናድርገው» ብለው ይወስናሉ። ጥሩ ውሳኔ ነው፤ ግን በልኩ የመስጠት መንገዱ ብዙ ነው። አንድ ዋና ስጦታ ብቻ መግዛት ይቻላል። ስጦታውን በአራት መድቦ ከዚያ አለማለፍም ይቻላል። ዕቃውን ትቶ ልጁን አንድ ቦታ መውሰድ፣ ተጠቅሞ የሚጨርሰውን ነገር መስጠት፣ ያገለገለ መፈለግ፣ ገንዘብ ማስቀመጥም አለ። ሁሉም «ጥቂት» ይባሉ እንጂ ለሁሉም ልጅ እኩል አይሠሩም።

እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው የልጁን ዕድሜ ነው። በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ምክር «ከዕቃ ይልቅ ትዝታ ስጡ» የሚል ነው። ሲሰሙት ያምራል፤ ለአዋቂም ትክክል ነው። የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ ግን የተሰጠውን ነገር መጨበጥ፣ ማገላበጥ፣ መወርወር፣ ተሸክሞት መዞር ይፈልጋል። ለእሱ በልኩ መስጠት ማለት ዕቃ መንፈግ አይደለም፤ አንድ ጥሩ ዕቃ መርጦለት ከዚያ ዕቃ ጋር እንዲቆይ ፋታ መስጠት ነው። ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የመዘንኳቸው በዚህ ዓይን ነው።

ቁጥር መቀነስ በእርግጥ ይጠቅማል?

ይጠቅማል። በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 ወር የሆኑ 36 ሕፃናትን ተመልክቷል። እያንዳንዱ ልጅ አንዴ 4 መጫወቻ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ 16 መጫወቻ ባለበት ክፍል ውስጥ ለ15 ደቂቃ እንደ ልቡ እንዲጫወት ተደረገ። መጫወቻው 4 ብቻ ሲሆን ልጆቹ በአንዱ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩ፤ በዚያው ዕቃም በተለያየ መንገድ ተጫወቱ። 16 ሲሆን ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለሉ በዛ።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። የተለካው በአንድ ጊዜ ልጁ ፊት የቀረበው ብዛት ነው እንጂ ቤት ውስጥ በጠቅላላ ያለው አይደለም። ይህ ለወላጅ ትልቅ እፎይታ ነው። አክስትና አጎት፣ አያትና ጎረቤት ተደማምረው አሥራ ሁለት ስጦታ ቢያመጡም ነገር አልተበላሸም። ሦስት ወይም አራቱን አውጥቶ የቀረውን ቁም ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግሞ ማቀያየር ይቻላል። ተደብቆ የቆየ መጫወቻ ሲወጣ ለትንሽ ልጅ አዲስ ነው።

አንድ የሁለት ዓመት ልጅ ስጦታ ሲከፍት ረጋ ብላችሁ ተመልከቱት። መጠቅለያውን በጣቱ ጫፍ ይቆነጥረዋል፤ ትንሽ ሲቀደድ ድምፁ ያስገርመውና ቆም ይላል። ከውስጥ ኳስ ይወጣል። ያንከባልለዋል፣ ተከትሎት ሄዶ ያመጣዋል፣ እንደገና ያንከባልለዋል። በዓሉ ለእሱ እዚያው ላይ ሞልቷል። አዋቂዎቹ ግን «ና፣ ሌላም አለህ! ይሄንንም ክፈተው!» እያሉ ኳሱን ከእጁ ይቀበሉታል። አምስተኛው ሳጥን ላይ ሲደርስ የወጣውን ዕቃ ሳያየው ጥሎ ሌላ ይጠይቃል፣ ወይ ደግሞ ያለቅሳል። ያኔ «አይ፣ ምንም አይበቃውም» ይባላል። ኳሱ በቅቶት ነበር። በዚህ ዕድሜ ብዙ ስጦታ ከመጣ በአንድ ቀን ሁሉንም ማስከፈት ግድ አይደለም፤ ዛሬ አንድ፣ ነገ አንድ እያሉ ማዳረስ ማንንም አያስቀይምም።

አንድ ዋና ስጦታ ወይስ ጥቂት ትንንሽ?

ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ መልሴ አጭር ነው፦ አንድ። ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ ምንም ባይገዛለት የሚጎድልበት ነገር የለም፤ ስጦታው ለወላጅ ደስታ መሆኑን አምኖ የልጁን ዳይፐር ወይም ልብስ መግዛት ነውር የለበትም።

ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ባሉት፣ በተለይ ወንድምና እህት ባሉበት ቤት፣ ነገሩ ይለወጣል። የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ በታወቁት ሙከራዎቹ እንዳሳየው፣ በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ብዛትን የሚመዝኑት በዓይናቸው በሚታያቸው ነው። እኩል ቁጥር ያላቸው ሁለት ረድፍ ነገሮች አቅርባችሁላቸው አንዱን ረድፍ ራቅ ራቅ አድርጋችሁ ብትዘረጉት፣ የተዘረጋው ይበልጣል ይላሉ። ስለዚህ ለታላቂቱ አንድ ብስክሌት፣ ለታናሽየው ሦስት ርካሽ ዕቃዎች ከሰጣችሁ፣ እናንተ ብስክሌቱ ከሦስቱ በብዙ እጥፍ እንደሚወደድ ታስባላችሁ፤ የአምስት ዓመቷ ልጅ ግን የምትቆጥረው «እሱ ሦስት፣ እኔ አንድ» ብላ ነው። ዋጋውን ብታስረዷት አይገባትም፤ እንዲገባትም መጠበቅ የለብንም። መፍትሔው የዋጋ እኩልነትን ትቶ የጥቅሉን ቁጥር ማስተካከል ነው። እኔ የምመርጠው ለየልጁ አንድ የግል ስጦታ፣ ከዚያ በላይ ለሁሉም በጋራ አንድ ነገር፣ ለምሳሌ በሰሌዳና በዳይስ የሚጫወቱት ጨዋታ፣ ማድረግ ነው።

የአራቱ ደንብ

አንድ የሚፈልገው፣ አንድ የሚያስፈልገው፣ አንድ የሚለብሰው፣ አንድ የሚያነበው። ይህ ደንብ በወላጆች ዘንድ በሰፊው የተለመደ ሲሆን ትልቁ ጥቅሙ ገዢውን ማስቆሙ ነው፤ አራቱ ከሞሉ ሱቅ ውስጥ የሚያምር ነገር ቢታይም ቦታ የለውም። ከአራት ዓመት በላይ ላለ ልጅ ጥሩ ይሠራል፤ ልጁም ደንቡን ይለምደውና በራሱ «የሚነበበውስ የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ድክመት አለው። «የሚያስፈልገው» የሚለው ቦታ በቀላሉ የማይቀረውን ወጪ በስጦታ ወረቀት መጠቅለያ ይሆናል። ለትምህርት ቤት የግድ የሚገዛ ጫማ ተጠቅልሎ ሲቀርብለት የስድስት ዓመት ልጅ ይገባዋል፤ ፊቱ ላይም ታዩታላችሁ። የሚያስፈልገውን ስትመርጡ ልጁ በሥራው ላይ የሚኮራበት ይሁን፦ የራሱ ትንሽ መጥረጊያ፣ ለእጁ የምትበቃ የውኃ ማጠጫ፣ በጨለማ የሚይዘው የእጅ ባትሪ። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ ደንቡ ስሌቱን የሚያቀለው ለእናንተ ብቻ ነው፤ አራት ነገር ለእሱ አሁንም ብዙ ነው።

ዕቃ ወይስ አብሮ የሚያሳልፉት ጊዜ?

ብዙዎች የሚሳሳቱበት እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሊፍ ቫን ቦቨንና ቶማስ ጊሎቪች የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ለዕቃ ካወጡት ገንዘብ ይልቅ ለጉዞ፣ ለትርኢትና ለመሰል ነገር ያወጡት የበለጠ እንዳስደሰታቸው ተናግረዋል። ከዚያ ወዲህ ይህ ሐሳብ ለሁሉም ሰው እንደሚሠራ ተደርጎ ተወሰደ። ተጠያቂዎቹ ግን አዋቂዎች ነበሩ።

ልጆችን ራሳቸውን ያየ ሌላ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። ከ3 እስከ 17 ዓመት ያሉትን የተመለከተ ሲሆን ውጤቱ እንደ ዕድሜ የሚለያይ ሆኖ ተገኘ፦ ትንንሾቹ ከተደረገላቸው ነገር ይልቅ ከተሰጣቸው ዕቃ የበለጠ ደስታ ያገኛሉ፤ ዕድሜ ሲጨምር ግን አብሮ የማሳለፉ ደስታ እየበለጠ ይሄዳል። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ምክንያት አሳማኝ ነው። ያለፈን ነገር መልሶ ለመደሰት ማስታወስ ያስፈልጋል፤ «አባቴ ይህን ያደረገልኝ እኔን ለማስደሰት ብሎ ነው» ለማለት ደግሞ የሌላውን ሰው ሐሳብ መረዳት ያስፈልጋል። ሁለቱም ችሎታዎች በዕድሜ የሚበስሉ ናቸው። ዕቃው ግን ጠዋት ሲነሳም እዚያው ነው፤ ይታያል፣ ይነካል።

ይህ ማለት ልጁን የትም አትውሰዱት ማለት አይደለም። በምን መልኩ እንደሚሰጥ ያመለክታል። ለሦስት ዓመት ልጅ በፖስታ ውስጥ ያለ የመግቢያ ቲኬት ወረቀት ነው፤ «የሚመጣው ወር የእንስሳት ማቆያ እንሄዳለን» ማለትም ምንም ማለት አይደለም፣ ምክንያቱም የሚመጣው ወር የሚባል ነገር ገና አያውቅም። እንዲህ ካላችሁት «አሁን እንሂድ» ብሎ ያለቅሳል። የሚሻለው ጉዞውን ሳይነግሩ በዕለቱ ማድረግና ከእጅ የሚያዝ ነገር ማያያዝ ነው። ዝሆን ሊያይ ከሆነ አንዲት ትንሽ ዝሆን ይኑረው፤ ይዟት ይሂድ፣ ይዟት ይመለስ። ከዚያ የጉዞውን አምስት ስድስት ፎቶ አሳትሞ ልጁ በሚደርስበት ቁመት ላይ መለጠፍ ትዝታውን ለእሱ ያቆይለታል። ፎቶው ፊት ቆሞ «ዝሆኑ ምን ሲያደርግ ነበር?» ተብሎ የሚጠየቅ ልጅ ታሪኩን ደጋግሞ ይናገራል፤ በተናገረ ቁጥርም ያስታውሳል።

ከስድስት ዓመት በኋላ ሚዛኑ መዞር ይጀምራል። በዚያ ዕድሜ ቀን መቁጠር ያስደስታቸዋል፤ የዋና ትምህርት፣ የአንድ ቀን ጉዞ፣ ከአባት ወይም ከእናት ጋር ብቻ የሚያሳልፉት ከሰዓት በኋላ እውነተኛ ስጦታ ይሆናል። ብቻ ትምህርቱ ልጁ የሚፈልገው ይሁን። እናንተ ልጅ ሳላችሁ ያላገኛችሁትን ፒያኖ በበዓል ስም ልጁ ላይ መጫን ስጦታ አይባልም።

የሚቆይ መጫወቻ

አንድ ዕቃ ብቻ የምትሰጡ ከሆነ በብዙ ዕድሜ የሚያገለግለውን ምረጡ። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮቤል እ.ኤ.አ. በ1837 የመጀመሪያውን መዋዕለ ሕፃናት ሲያቋቁም ለልጆች ካዘጋጃቸው መጫወቻዎች አንዱ ስምንት ትንንሽ የእንጨት ኩቦች ነበሩ፤ ሲገጣጠሙ አንድ ትልቅ ኩብ ይሆናሉ። ከዚያ ወዲህ የተሻለ ነገር መጥቷል ብዬ ለመናገር እቸገራለሁ።

የእንጨት ኩቦች በአንድ ቤት ውስጥ የሚያልፉትን ዓመታት አስቡ። የአሥር ወር ሕፃን ሁለቱን በሁለት እጁ ይዞ ያጋጫቸዋል፤ እናንተ የሠራችሁትን ግንብ ይመታና ሲፈርስ ይስቃል። አንድ ዓመት ሲያልፈው ኩቦቹን ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ እየከተተ መልሶ ያፈሳቸዋል። ዓመት ከመንፈቅ አካባቢ አንዱን በአንዱ ላይ ያስቀምጣል፤ በሁለት ዓመቱ ስድስት ያህል ይደረድራል። በሦስት ዓመቱ ሁለት ኩብ አራርቆ ሦስተኛውን ከላይ ጋደም ያደርግና «ድልድይ!» ይላል። በአምስት ዓመቱ ኩቡ ኩብ መሆኑ ይቀርና ስልክ፣ አልጋ፣ የተኛ ሰው ይሆናል። አንድ ቁልፍ ሲጫኑት አንድ ዘፈን የሚዘፍን መጫወቻ ይህን ዕድል አይሰጥም፤ ዘፈኑ ሲሰለች ሥራው አበቃ።

ስለሚገጣጠሙት የሌጎ ዓይነት መጫወቻዎች የሚጠየቅ ካለ፣ እኔ የምወድላቸው ዕድሜያቸውን ነው። የዛሬው የሌጎ አገጣጠም እ.ኤ.አ. በ1958 የተመዘገበ ሲሆን ያኔ የተሠራው ቁራጭ ዛሬ ከሚሠራው ጋር ይገጥማል። ለትንንሾቹ የሚሆነው ዱፕሎ በርዝመትም በወርድም በቁመትም እጥፍ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ልጁ ሲያድግ ከትንሹ ሌጎ ጋር አብሮ ይሠራል። ስለዚህ ዘንድሮ የምትገዙት ጥቂት ቁራጭ በሚመጣው ዓመት ላይ የሚጨመርበት ነው፣ የሚጣል አይደለም።

ድምፅና መብራት ያላቸውን መጫወቻዎች በተመለከተ የሰሜን አሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አና ሶሳ ከ10 እስከ 16 ወር የሆኑ 26 ሕፃናትን ከወላጆቻቸው ጋር በቤታቸው ተመልክታ ነበር። ወላጅና ልጅ በኤሌክትሮኒክ መጫወቻ፣ በተለመደው መጫወቻና በመጽሐፍ ሲጫወቱ የነበረው ንግግር ተቀዳ። መጫወቻው ራሱ ሲናገር ወላጁ የሚናገረው ቀነሰ፤ የልጁም ድምፅ ቀነሰ። መጽሐፍ ሲሆን ንግግሩ ከፍተኛ ነበር። ብዙ ዋጋ የሚጠየቅባቸው «ቋንቋ ያስተምራል» የተባሉ መጫወቻዎች ቋንቋ የሚያስተምረውን ሰው ዝም የሚያሰኙ ከሆነ፣ መምረጡ የሚያስቸግር አይመስለኝም። ታብሌት ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ስክሪን ፊት ተቀምጦ መዋልን አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል።

መጽሐፍ ከኩቡ ጋር እኩል ቦታ አለው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ከሕፃንነት ጀምሮ ለልጅ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብን ይመክራል። ለትንሹ ወፍራም ገጽ ያለው፣ ቢነከስም የማይቀደድ ይሁን። አንድ መጽሐፍ ይበቃል፤ ሃያ ጊዜ አንብቡልኝ ማለቱ አይቀርምና።

የሚያልቅ ስጦታ

ቦታ ለጠበባቸው ቤቶች ከሁሉ የምመክረው ይህን ነው፦ ወረቀት፣ ክሬዮን፣ የውኃ ቀለም፣ ሙጫ፣ ለልጅ የሚሆን መቀስ፣ የሚድቦለቦል የመጫወቻ ጭቃ፣ የሚተከል ዘር። ልጁ እንደ ልቡ ይጠቀምበታል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ከቤት ይወጣል፣ የሚቀመጥ ነገር አይተውም።

ብልሃቱ በብዛት መስጠት ነው። ሠላሳ ዓይነት ዕቃ ያጨቀ «የጥበብ ሳጥን» አትግዙ፤ ከየዓይነቱ ትንሽ ትንሽ ስለሆነ ልጁ አንዱንም አይጠግብም። በዚያ ፋንታ አንድ ነገር ይትረፍረፍለት። ትልቅ ጥቅል ወረቀት ወለሉ ላይ ዘርግታችሁ ልጁን እላዩ ላይ አስተኙትና ዙሪያውን በክሬዮን አስምሩ። ሲነሳ የራሱን ቅርጽ ያየዋል። ዓይን ይጨምርለታል፣ ቁልፍ ይደረድርለታል፣ ፀጉሩን ሰማያዊ ያደርገዋል፤ ነገ «አሁን አንቺ ተኚ» ይላታል እናቱን። ክሬዮን ስትመርጡ ለአንድና ለሁለት ዓመት ልጅ በጡጫው የሚጨብጠው ወፍራም ይሻላል። ትንሽ ከፍ ላለው ደግሞ የተሰበረው አጭር ቁራጭ አይጣል፤ በጡጫ ስለማይያዝ ጣቶቹን ወደ ትክክለኛው አያያዝ ይመራቸዋል።

ከባቄላ ቤተሰብ የሆነ ዘርም ድንቅ ስጦታ ነው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚበቅል የትንሽ ልጅ ትዕግሥት ይደርስበታል።

የዚህ መንገድ ድክመት አብሮ የሚቀመጥ አዋቂ መፈለጉ ነው። ቀለም ሰጥታችሁ ልጁን ብቻውን ብትተዉት ግድግዳው ይናገራል። በዓሉ ሲያልፍ ጊዜ የማይኖራችሁ ከሆነ ኩቦቹን ምረጡ።

ያገለገለ፣ የተዋሰና ገንዘብ

ከአራት ዓመት በታች ያለ ልጅ ዕቃው አዲስ ይሁን አሮጌ ብዙም ግድ አይሰጠውም፤ ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ መስጠት ለልጁ ምንም አያጎድልበትም፤ የሚያፍረው አዋቂው ነው። ብስክሌት፣ የሚገፋ ጋሪ፣ የእንጨት ባቡር፣ ሌጎ፣ መጽሐፍ ባገለገለ ይመረጣሉ። ሁለት ነገር ግን በአገለገለ አልገዛም፦ ለጭንቅላት የሚደረግ ሄልሜት፣ ምክንያቱም አንዴ የተጋጨ ከሆነ ከውጭ ሳይታይ ውስጡ ሊጎዳ ይችላልና፤ ሌላው ደግሞ ቀለሙ የሚላጥ በጣም ያረጀ መጫወቻ፣ የድሮ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል።

መዋስም አለ። እ.ኤ.አ. በ1935 በሎስ አንጀለስ የተጀመረው የመጫወቻ ማዋሻ ዛሬ በብዙ አገሮች አለ፤ በአካባቢያችሁ ከሌለ ሦስት ቤተሰብ ተነጋግሮ መጫወቻ መለዋወጥ ይችላል።

ገንዘብ በልጁ ስም ማስቀመጥ መልካም ነው፤ ለሕፃኑ ግን ስጦታ አይደለም። አያት ይህን ከመረጡ ከደብተሩ ጋር አንድ ኳስ ይጨምሩለት።

ከመግዛታችሁ በፊት ሊታዩ የሚገባቸው አደጋዎች

ስጦታ ጥቂት ሲሆን እያንዳንዱን ለመመርመር ጊዜ ይኖራል፤ ይህ ራሱ ጥቅም ነው። የሰዓት ባትሪ የሚባለው ትንሽ ክብ ባትሪ ከተዋጠና ጉሮሮ ላይ ከቀረ በሁለት ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል፤ የባትሪው ክዳን በብሎን የታሰረ መሆኑን ሳታዩ አትግዙ። ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ምልክት እስኪታይ ሳትጠብቁ ወደ ሕክምና ሂዱ። ትንንሽ ኃይለኛ ማግኔቶች ሁለት ሆነው ከተዋጡ አንጀት ውስጥ እርስ በርስ ተሳስበው ግድግዳውን ሊበሱ ይችላሉ። ለትንሽ ልጅ ያልተነፋ ወይም የፈነዳ ፊኛ አደገኛ ነው። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ የመጸዳጃ ወረቀት የሚጠቀለልበት የካርቶን ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ማንኛውም ነገር ሊያንቀው ይችላል ብላችሁ ያዙ። ታላቁ ከስጦታው ያወጣው ትንሽ ቁራጭ ታናሹ ጋ እንዳይደርስም አስቡበት።

ለዘመድ እንዴት ይነገራል?

«ምንም እንዳታመጡ» ማለት አይሠራም። ለሚወዱት ልጅ ባዶ እጅ መምጣት የሚከብዳቸው ሰዎች ናቸው፤ ክልከላው እንደ መገፋት ይሰማቸዋል። ለአንድ ሰው አንድ የተለየ ነገር መንገር ግን ብዙ ጊዜ ያስደስታቸዋል። ለባለቤትዎ እናት ለምሳሌ «እማማ፣ ልጁ እርስዎ ሲያነቡለት እኮ ንቅንቅ አይልም፤ ዘንድሮ አንድ መጽሐፍ መርጠው ቢያመጡለትና እርስዎው ቢያነቡለት እንዴት ደስ ይለዋል» ማለት ይቻላል። ለአጎትና ለአክስት ደግሞ «ብስክሌት ልንገዛለት ነው፤ ተጨማሪ ከማምጣት ብትጋሩንስ?» ይባላል። ብስክሌቱ ሲሰጥ የሁሉም ስም ይጠራ።

ተነግሯቸውም ብዙ ይዘው የሚመጡ አሉ። በሰጪው ፊት ፊት አይጥቆር፤ ልጁ አመስግኖ ይቀበል፣ ይጫወትበት፣ ከበዓሉ በኋላ የተወሰነው ወደ ቁም ሣጥን ይግባ። ከአራት ዓመት በላይ የሆነውን ልጅ ሳትጠይቁ መጫወቻውን ለሌላ አትስጡበት። ሁለት አቅርባችሁ «የትኛውን ለሌላ ልጅ እንስጥ?» ብትሉት ብዙ ጊዜ ይመርጣል፤ እምቢ ካለም የእሱ ነው፣ ተዉለት።

ልጁ የማትወዱትን ነገር ከጠየቀ

የአምስት ዓመት ልጅ ከኩብና ከመጽሐፍ ሁሉ ይልቅ በማስታወቂያ ያየውን፣ የሚጮኸውንና የሚያብረቀርቀውን ፕላስቲክ ሊለምን ይችላል። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ያቋቋመው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2004 እንደደመደመው፣ ከስምንት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ማስታወቂያ ሊያግባባቸው ታስቦ የተሠራ መሆኑን አይረዱም፤ የተባለውን እንደ እውነት ይቀበሉታል። ስለዚህ ጥያቄውን ወዲያው አትመልሱት። ጻፉት፤ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳታስታውሱት «ለበዓል ምን ትፈልጋለህ?» በሉት። ብዙው ጥያቄ በዚያ መሀል ይረሳል።

ያንኑ ነገር ደግሞ ከጠየቀ ግን ስጡት። አንድ ስጦታ ብቻ በሚሰጥበት ቤት ያ አንዱ ወላጅ የመረጠው ብቻ ከሆነ፣ ልጁ የሚማረው ፍላጎቱ እንደማይሰማ ነው። አደጋ ከሌለው፣ አቅማችሁም ከፈቀደ፣ ሳትነቅፉ ግዙለት፤ በሦስተኛው ቀን ቢሰለቸውም «አላልኩህም?» አትበሉት። ኩቦቹ ያሉበት ሳጥን ልጁ በሚደርስበት ቦታ ክፍት ሆኖ ይቀመጥ፤ የሚጮኸው መጫወቻ ባትሪው ሲያልቅ ለአዲሱ ግንብ በር ጠባቂ ሊያደርገው ይችላል።